ሶዲየሙ 126 የሆነው ሰው የጎደለው ውኃ ነው ወይስ ጨው?

ጥያቄው የመጣው ደሴ ካለች የሕክምና ተማሪ ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ዋርድ መውጣት ጀምሬያለሁ። ከቆቦ በኩል በሪፈር የመጣ የ35 ዓመት ገበሬ ነበረን። ሁለት ቀን ሙሉ ሩዝ የታጠበበት ውኃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ከዚያ ላይ ትውከት። ቤተሰቡ እንደነገሩን እህል አልቀመሰም፣ ውኃና ቀጭን ሻይ ግን ሲጠጣ ነው የቆየው። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ፐልሱ በጣም ደካማ ነው፣ ሽንቱ ጠፍቷል። ላብራቶሪው ሲመጣ ሶዲየም 126፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያው) 2.4። ግራ ገባኝ። ይህን ያህል ውኃ ከሰውነቱ የወጣ ሰው ሶዲየሙ መጨመር አልነበረበትም? ሶዲየሙ ከቀነሰ ደግሞ ኩላሊቱ ለምን ትርፉን ውኃ ሸንቶ አያስተካክለውም? የኩላሊት ፊዚዮሎጂን ለፈተና ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። አሁን በሽተኛው ፊት ስቆም አልገጥም አለኝ።»

እህቴ፣ አብሽሪ። ይህ ጥያቄ ተመርቆ ዓመታት የሠራን ሐኪምም ያደናግራል። ደስ ያለኝ ነገር ቁጥሩን አይተሽ ዝም ብለሽ አለማለፍሽ ነው። ስለዚህ ሳልቸኩል ልመልስልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ላብራቶሪው «126» ብሎ ሲልክልሽ የሰውየውን ሶዲየም በሙሉ ቆጥሮ አይደለም። በአንድ ሊትር ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ ክፍል) ውስጥ ስንት ሚሊሞል ሶዲየም እንዳለ ነው የነገረሽ። ቁጥሩ የሚያሳየው ጨውና ውኃ እርስ በርስ እንዴት እንደተመጣጠኑ ብቻ ነው። ሁለቱም ጎድለው ቁጥሩ 140፣ ማለትም የጤነኛ ሰው ቁጥር፣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ተርፈው 140 ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጎድለው የጨው ጉድለት ከበለጠ 126 ይመጣል። ሁለቱም ተርፈው የውኃው ትርፍ ከበለጠም ያው 126 ነው።

ከዚህ መልስ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ፦ የሶዲየም ኮንሰንትሬሽን (በሊትር ያለው መጠን) የውኃ ጉዳይ ነው፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ጠቅላላ የሶዲየም መጠን ደግሞ የቮሊዩም (ከሕዋስ ውጪ ያለው ፈሳሽ ብዛት) ጉዳይ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሰውነት የሚጠብቃቸውም በተለያየ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ከላብራቶሪ ወረቀቱ ታነቢያለሽ። ሁለተኛውን ግን ወረቀቱ ላይ አታገኚውም። የምታገኚው በሽተኛው ላይ ነው፤ ፐልሱ ላይ፣ ደም ግፊቱ ላይ፣ የአንገቱ ደም ሥር ላይ፣ እግሩ ላይ።

እስቲ ገበሬያችን ጤነኛ እያለ እንነሳ። 60 ኪሎ ይመዝን እንበል። ከወንድ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው (ሴት ላይ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል፣ ሽማግሌ ላይ ደግሞ ይቀንሳል)። ስለዚህ 36 ሊትር ውኃ አለው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ማለትም 24 ሊትሩ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ቀሪው 12 ሊትር ከሕዋስ ውጪ ነው። ከዚያ ከ12ቱ ደግሞ ደም ሥር ውስጥ ያለው ፕላዝማ 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የሰውየው ደም ግፊት፣ ንቃቱ፣ ሽንቱ፣ ሁሉም የተንጠለጠለው በዚህ 3 ሊትር ላይ ነው።

ሶዲየም የት ነው ያለው? በአብዛኛው ከሕዋስ ውጪ። የሕዋስ ሽፋን ላይ ያለው የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ ሶዲየምን ወደ ውጪ እየገፋ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ እያስገባ ቀን ከሌሊት ይሠራል። ውኃ ግን በሽፋኑ እንደልቡ ይመላለሳል። የትም ይሁን የት ውኃ የሚከተለው ሟሚውን ነው። ስለዚህ ከሕዋስ ውጪ ያለው ፈሳሽ ስንት ሊትር እንደሚሆን የሚወስነው እዚያ ያለው የሶዲየም ብዛት ነው። ሶዲየም ያጣ ሰው ቮሊዩም ያጣል። ሶዲየም ያጠራቀመ ሰው ያብጣል። ልብሽ ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ ኩላሊት። ሁለቱ ኩላሊቶች ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይወስዳሉ። በየደቂቃው 125 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ግሎሜሩለስ በሚባሉት ጥቃቅን ማጣሪያዎች በኩል ያጣራሉ። በቀን 180 ሊትር ማለት ነው። ፕላዝማው 3 ሊትር ከሆነ፣ ያው ፕላዝማ በቀን 60 ጊዜ ያህል ይጣራል። በዚህ 180 ሊትር ውስጥ ከ25,000 ሚሊሞል በላይ ሶዲየም አለ። ይህን ወደ ገበታ ጨው ብትመልሺው አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፣ በየቀኑ! ኩላሊት የሚሠራው ጎተራውን በየቀኑ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ዘርግፎ፣ እህሉን አንድ በአንድ መልሶ እየለቀመ፣ ገለባውን እዚያው እንደሚተው ሰው ነው። አድካሚ ይመስላል። ነገር ግን ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልገውም። የሚፈልገውን ካወቀ በቂው ነው።

መልሶ መልቀሙ የተጣራው ፈሳሽ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ላይ በደረጃ ነው። የተጣራው ሶዲየም ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፕሮክሲማል ቱቦ ላይ ይመለሳል፣ ውኃውም አብሮ። ሩቡ ያህል ወፍራሙ ወደ ላይ የሚወጣው የሄንሌ ክንድ ላይ ይመለሳል። እዚህ ላይ ውኃው አብሮ አይመለስም፣ ይህን ለኋላ ያዥልኝ። ዲስታል ቱቦው 5 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ለኮሌክቲንግ ዳክት የሚቀረው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። አልዶስተሮን የሚባለው ሆርሞን የሚያዝዘው በዋናነት በዚህ መጨረሻው ጫፍ ላይ ነው። «ጥቂት በመቶ ምን ያደርጋል?» እንዳትዪ። የ25,000 አንድ በመቶ 250 ሚሊሞል ነው። ይህ ብዙ ሰው በቀን ከሚበላው ሶዲየም ይበልጣል።

አሁን ሁለቱን ሥርዓቶች ለየብቻ እንያቸው።

የውኃው ሥርዓት ፈጣንና በጣም ስሜታዊ ነው። ጠባቂው አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ በሚባለው ቦታ ያሉ ኦስሞሪሴፕተሮች ናቸው። የደም ኦስሞላሊቲ (በውኃው ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን) 1 ወይም 2 በመቶ ከፍ ሲል ይሰማቸዋል። ያኔ ጥም ይመጣል፣ ውኃ ቆጣቢው ሆርሞን ኤዲኤችም ይለቀቃል። ኤዲኤች ኮሌክቲንግ ዳክት ላይ የውኃ በሮችን ይከፍታል፤ ውኃው ወደ ደም ይመለሳል፣ ሽንቱም ይወፍራል። ይህን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግሽም። በረመዳን የጾመ ሰው ከአስር ሰዓት በኋላ የሚሸናውን ሽንት እዪ። ጥቂት ነው፣ ቀለሙም ጠቁሯል። ማግሪብ ላይ አፍጥሮ ውኃ ከጠጣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ንጹህ ሽንት ይመጣል። የሰው ኩላሊት ሽንትን ከ50 እስከ 1,200 ሚሊኦስሞል ድረስ ማቅጠንም ማወፈርም ይችላል። በቀን መውጣት ያለበት ቆሻሻና ጨው 600 ሚሊኦስሞል ገደማ ነው ብንል፣ ኩላሊቱ ቢጨንቀው በግማሽ ሊትር ሽንት ያወጣዋል። ውኃ ከተትረፈረፈ ደግሞ በ12 ሊትር። ሽንት በቀን ከግማሽ ሊትር በታች ሲሆን የምንደነግጠው ለዚህ ነው። ጤነኛ ኩላሊት እንኳ ከዚያ በታች ቆሻሻውን በሙሉ ማውጣት አይችልም።

የቮሊዩሙ ሥርዓት ሌላ ነው። ጠባቂዎቹ ሶዲየምን አይለኩም። የሚለኩት የደም ሥር መወጠርን ነው፤ አንገት ላይ ካሮቲድ ሳይነስ፣ ደረት ውስጥ የአኦርታ ቅስት፣ የልብ የላይኛዎቹ ክፍሎች (ኤትሪያ)፣ ኩላሊት ውስጥ ደግሞ ግሎሜሩለስ መግቢያ ላይ ያሉት ሬኒን አመንጪ ሕዋሳት። ውጥረቱ ሲቀንስ ሬኒን ይወጣል፣ አንጂዮቴንሲን 2 ይሠራል፣ አልዶስተሮን ይከተላል፣ ሲምፓቴቲክ የነርቭ ሥርዓቱም ይነሳል። ሁሉም ኩላሊትን «ሶዲየም እንዳታስወጣ» ይሉታል። ሲወጠር ደግሞ ኤትሪያው ናትሪዩሬቲክ ሆርሞኑን ይለቃል፣ ሶዲየም በሽንት ይወጣል። ይህ ሥርዓት ዘገምተኛ ነው። ሰዓታት ሳይሆን ቀናት ይፈልጋል።

ልዩነቱን በአንድ ሙከራ ማየት ይቻላል። ጤነኛ ሰው አንድ ሊትር ንጹህ ውኃ በአንዴ ይጠጣ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ይሸናዋል። ያው ሰው በሌላ ቀን አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) ይውሰድ። ያን ጨርሶ ለማውጣት አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። የገባው ፈሳሽ በመጠን እኩል ነው። ውኃው ግን ኦስሞላሊቲን ስላወረደ ኤዲኤችን ወዲያው አጠፋው። ሳላይኑ ኦስሞላሊቲን አልነካም፤ ቮሊዩምን ብቻ ትንሽ ጨመረ፤ ስለዚህ የተረከበው ዘገምተኛው ሥርዓት ነው።

ይህን ከያዝሽ በሽተኛሽን ማስላት ትችያለሽ። እ.ኤ.አ. በ1958 ተመራማሪው ኤደልማንና ባልደረቦቹ አንድ ወርቅ የሆነ ነገር አሳዩ። የፕላዝማ ሶዲየም ኮንሰንትሬሽን፣ በሰውነት ውስጥ ያለው የሚለዋወጥ ሶዲየምና ፖታሲየም ድምር ለጠቅላላው ውኃ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር አብሮ ይሄዳል። ፖታሲየሙም ይቆጠራል፣ ልብ በዪ። እስክሪብቶ ያዢ።

ጤነኛ እያለ፦ 36 ሊትር በ140 ሲባዛ 5,040 ሚሊሞል። የአዋቂ ኮሌራ መሰል ተቅማጥ በሊትር 130 ያህል ሶዲየምና 20 ያህል ፖታሲየም ይይዛል። አምስት ሊትር ወጣ እንበል። 750 ሚሊሞል ሄደ፤ የቀረው 4,290 ነው። በዚያ ላይ ሰውየው ሦስት ሊትር ውኃና ሻይ ጠጣ፣ ጨው የሌለበት። ውኃው 36 ሲቀነስ 5 ሲደመር 3፣ 34 ሊትር። 4,290 ለ34 ሲካፈል 126።

ያውና ቁጥርሽ። በርግጥ በላብና በትንፋሽ የሚወጣውን ውኃ፣ ትንሽ የሸናትንም አልቆጠርኩም። ግምት ነው። ግን ነገሩ ግልጽ ነው። የወጣው ፈሳሽ ጨው ነበረበት፤ የተተካው ፈሳሽ ጨው አልነበረበትም። ተቅማጡ ብቻውን ሶዲየሙን ያን ያህል ባላወረደው ነበር። ያወረደው በጨዋማ ፈሳሽ ፈንታ ባዶ ውኃ መግባቱ ነው።

አሁን ደግሞ የባሰውን ተመልከቺ። በክብደት ሲታይ ሰውየው ያጣው ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ ከ60 ኪሎ ወደ 58። ታዲያ ለምን ሾክ (ደም ለአካላት የማይበቃበት ሁኔታ) ውስጥ ገባ? ከሕዋስ ውጪ የነበረው ሶዲየም 12 ሊትር በ140፣ ማለትም 1,680 ሚሊሞል ነበር። በተቅማጥ 650 ወጣ፣ 1,030 ቀረ። ኮንሰንትሬሽኑ 126 ከሆነ፣ ከሕዋስ ውጪ ያለው ፈሳሽ አሁን 8.2 ሊትር ገደማ ነው ማለት ነው። ከ12 ወደ 8.2! ሁለት ሊትር ያጣ የሚመስለው ሰው ከሕዋስ ውጪ ካለው ፈሳሽ አራት ሊትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው አጥቷል። ልዩነቱ የት ገባ? ሕዋሳት ውስጥ። የጠጣው ውኃ ደም ሥሩ ውስጥ የሚይዘው ጨው ስላጣ አብዛኛው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ አሳበጣቸው። አንጎልም ሕዋስ ነው። መደንዘዙ፣ ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱ በከፊል ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ለዚህ ነው «ዲሃይድሬሽን» የሚለውን ቃል ለሁሉም ነገር መጠቀም የማልወደው። ይህ ሰው ቮሊዩም ነው ያጣው። ከእሱ ጎን አልጋ ላይ አንዲት አሮጊት እናት ሊኖሩ ይችላሉ። ስትሮክ ይዟቸው ሦስት ቀን ውኃ የሚያቀርብላቸው አላገኙም፣ ሶዲየማቸው 160 ነው፣ ደም ግፊታቸው ግን እምብዛም አልወረደም። እሳቸው ያጡት ውኃ ነው። ውኃ ሲጠፋ ጉዳቱ ለሦስቱም ክፍሎች ይከፋፈላል፤ ከፕላዝማው የሚወጣው ትንሽ ነው። ጨው ሲጠፋ ግን ጉዳቱ በሙሉ ከሕዋስ ውጪ ያርፋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ እንምጣ። ሶዲየሙ 126 ከሆነ ኤዲኤች መጥፋት ነበረበት፣ ኩላሊቱም ቀጭን ሽንት እየሸና ውኃውን ማስወገድ ነበረበት። ለምን እምቢ አለ?

ኤዲኤች የሚታዘዘው ለኦስሞላሊቲ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቮሊዩም ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲወርድ ካሮቲድና አኦርታ ላይ ያሉት ጠባቂዎችም ኤዲኤችን ያስለቅቃሉ፤ አንጂዮቴንሲን 2 ደግሞ ጥሙን ያባብሰዋል። ሁለቱ ትዕዛዞች ሲጋጩ የሚያሸንፈው ቮሊዩም ነው። ሰውነት ምርጫ ውስጥ ሲገባ ደም ወደ አንጎልና ወደ ልብ መድረሱን ያስቀድማል፤ የኦስሞላሊቲው ነገር ለነገ ይቆያል። ሌላም ምክንያት አለ። ያዥልኝ ያልኩሽ ወፍራሙ የሄንሌ ክንድ ትዝ ይልሻል? ቀጭን ሽንት የሚሠራው እዚያ ነው፤ ጨው ተወስዶ ውኃ ስለሚቀር። ደም ወደ ኩላሊት ሲቀንስ ግን የሚጣራው ያንሳል፣ ፕሮክሲማል ቱቦውም የመጣለትን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። እዚያ ክንድ የሚደርሰው ፈሳሽ በጣም ጥቂት ነው። ኤዲኤች ባይኖር እንኳ ኩላሊቱ እንደልቡ ውኃ ማስወገድ አይችልም ነበር።

ይህ የቆየ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የብሪታኒያው ሐኪም ሮበርት ማካንስ ፈቃደኞችን ጨው የሌለበት ምግብ እያበላና ላብ እያስወጣቸው፣ ንጹህ ውኃ እንዲጠጡ አደረገ። የደማቸው ሶዲየም ወረደ፤ ድካም፣ የጡንቻ መጨምደድ፣ የምግብ ጣዕም ማጣት መጣባቸው። ውኃ እንደልባቸው እየጠጡ ማለት ነው። በማሽላ አጨዳ ወቅት በቆላው ፀሐይ ሲሠራ ውሎ ውኃ ብቻ ሲጠጣ የዋለ ሰው እግሩን ጡንቻ ሲይዘው ብታዪ ይህን አስቢ።

ክሪያቲኒኑ 2.4 መሆኑ «ኩላሊቱ ሞተ» ማለት አይደለም። ገና አይደለም። ደም ስላልደረሰው የሚያጣራው ቀንሷል፣ ቱቦዎቹ ግን በጥሩ ሁኔታ እየሠሩ ነው። ማረጋገጫው ሽንቱ ውስጥ አለ። ትንሽ ሽንት ካገኛችሁ ሶዲየሙን አስለኩ። ከ20 በታች ከሆነ፣ ወይም የሶዲየም ፍራክሽናል ኤክስክሪሽኑ (ከተጣራው ሶዲየም በሽንት የወጣው ድርሻ) ከ1 በመቶ በታች ከሆነ፣ ኩላሊቱ ጨውን አጥብቆ ይዟል። የሚጠብቀው ፈሳሽ ነው። ሰዓቱ ካለፈ ግን ቱቦዎቹ ራሳቸው ይሞታሉ። ያኔ ማይክሮስኮፕ ሥር ቡናማ ጥራጥሬ ካስቶች (በቱቦው ቅርጽ የረጉ ቅሪቶች) ታያለሽ፣ ኩላሊቱም ሶዲየም መያዝ ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ ፈሳሽ ብቻውን ወዲያው አይመልሰውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ለሆድ ቁርጠት ብላችሁ ዲክሎፌናክ እንዳትወጉት። ግፊት ሲወርድ ወደ ግሎሜሩለስ የሚገባውን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዘው ፕሮስታግላንዲን ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይህን ያጠፋሉ። መውጫውን አጥብቦ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ አንጂዮቴንሲን 2 ነው፤ ስለዚህ የደም ግፊት ታካሚ ሆኖ አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይሠራ የሚያግደውን ኢናላፕሪል የሚወስድ ከሆነ ለጊዜው ይቁም። ሁለተኛ፣ ሽንት እምቢ አለ ተብሎ ሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት ላሲክስ አይሰጥም። ሽንት የጠፋው ኩላሊቱ ጨውና ውኃ እየቆጠበ ስለሆነ ነው። የሚቆጥበውን ነጥቆ መድፋት ሕክምና አይደለም። ይህን በዋርድ ስታዪ ዝም አትበዪ፤ በትህትና ጠይቂ።

ስለ ፈሳሹ። ቤተሰብ «ግሉኮስ አድርጉለት» ብሎ ይለምናል፤ ለእነሱ የሚንጠለጠለው ሁሉ ግሉኮስ ነው። ላንቺ ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። 5 በመቶ ዴክስትሮዝ ስኳሩ ሲቃጠል የሚቀረው ውኃ ብቻ ነው። ከአንዱ ሊትር ደም ሥር ውስጥ የሚቀረው 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሶዲየሙንም ይበልጥ ያወርደዋል። ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት ከሆነ ግን ሩብ ሊትር ያህል ይቀራል። ለተቅማጥ እኔ የምመርጠው ሪንገር ላክቴትን ነው። በሊትር ሶዲየም 130፣ ፖታሲየም 4፣ ክሎራይድ 109፣ ላክቴት 28 አለው። ተቅማጡ ባይካርቦኔት ይዞ ስለሚወጣ ላክቴቱ ጉበት ላይ ወደ ባይካርቦኔት ተቀይሮ ይተካል። ሳላይኑ 154 ክሎራይድ ስላለው ባይካርቦኔት በማጣት የመጣውን የደም አሲድነት አያስታግስም። ሪንገር ከሌለ ግን ሳላይን ይሰጥ፤ ሪንገር እስኪፈለግ አይጠበቅም።

መጠኑ የታወቀ ነው። በከባድ ደረጃ ላይ ላለ አዋቂ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በሦስት ሰዓት። ለ60 ኪሎ ሰው 6 ሊትር፤ 1.8 ሊትሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ 4.2ቱ በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሁለት ወፍራም መርፌ ይተከላል፣ እያንዳንዱ ከረጢት ሲያልቅ ፐልሱ ይዳሰሳል። ሕፃናትና ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሌላ ሕግ አላቸው፣ እነሱን ከዚህ አትቀላቅዪ።

መዋጥ ሲችል ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ይጀምር። የአሁኑ ኦአርኤስ በሊትር ሶዲየም 75፣ ግሉኮስ 75፣ ፖታሲየም 20 ሚሊሞል አለው። ስኳሩ ለጣዕም አይደለም። አንጀት ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ በአንድ በር፣ አብረው ነው የሚገቡት፤ ውኃውም ይከተላቸዋል። የኮሌራ መርዝ ሌላውን ሲያበላሽ ያንን በር አይዘጋውም። አሁን ወደ ስሌታችን ተመለሺ። ገበሬው ቤቱ እያለ በሦስቱ ሊትር ውኃና ሻይ ፈንታ ሦስት ሊትር ኦአርኤስ ጠጥቶ ቢሆን ኖሮስ? 285 ሚሊሞል ይመለስለት ነበር። 4,575 ለ34፣ ሶዲየሙ 134 ወይም 135። ከሕዋስ ውጪ ያለው ፈሳሽም 8.2 ሳይሆን 9.3 ሊትር። ያው ሦስት ሊትር፣ ያው ሰው። አተት ሲነሳ እያንዳንዱ ቤት ኦአርኤስ ይግባ የምንለው ለወግ አይደለም። ዱቄቱም በተባለው ልክ በአንድ ሊትር ውኃ ነው የሚበጠበጠው። ውኃ ከበዛበት ጥቅሙ ይሳሳል፣ ካነሰበት ደግሞ ጨዋማነቱ ያደርቃል።

ቮሊዩሙ ከተመለሰ በኋላ ያለውን ሰዓት ግን ተጠንቀቂ። ፐልሱ ሞልቶ ጠባቂዎቹ ሲረጋጉ ኤዲኤች በድንገት ይጠፋል። ኩላሊቱ ቀጭን ሽንት በብዛት መሽናት ይጀምራል፣ ሶዲየሙም በራሱ ሊዘል ይችላል። ሕመሙ ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ፖታሲየሙ የወረደ ወይም የተራበ ሰው ላይ በ24 ሰዓት ከ8 ሚሊሞል በላይ እንዳይወጣ እንፈልጋለን። አለበለዚያ የአንጎል ነርቭ ሽፋን ሊጎዳ ይችላል። ደግሞ የምትሰጪው ፖታሲየም ራሱ ሶዲየሙን ከፍ እንደሚያደርግ አትርሺ፤ ኤደልማን ሁለቱንም የደመረው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ሶዲየሙን በየአራት ወይም ስድስት ሰዓቱ አስለኪ፣ ሽንቱን በሰዓት መዝግቢ። ይህን ፈርቶ ሾክ ውስጥ ላለ ሰው ፈሳሽ መከልከል ግን ፈጽሞ አይገባም። ሾኩ በደቂቃዎች ይገድላል።

በመጨረሻም ነገ ራውንድ ስትወጪ ሌላ ሶዲየሙ 126 የሆነ ታካሚ ፈልጊ። የልብ ቫልቩ በሩማቲክ የተጎዳ ሰው ዋርድ ውስጥ አይጠፋም። እግሩ አብጧል፣ የአንገቱ ደም ሥር ተወጥሯል፣ ጋደም ሲል ይታፈናል። ጠቅላላ ሶዲየሙ ከልክ በላይ ነው፤ ውኃው ደግሞ ከዚያም ብሷል። ልቡ በደንብ ስለማይረጭ ካሮቲዱ «ደም ጎደለ» ብሎ ያምናል፣ ኩላሊቱም ልክ እንደ ገበሬው ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል። የሽንቱ ሶዲየም ላሲክስ ካልወሰደ ያው ዝቅተኛ ነው። የደም ስኳሩንም አስለኪ፤ በጣም ከፍ ያለ ስኳር ውኃ ከሕዋስ ስቦ ሶዲየሙን ያወርደዋል። ለዚህ ሰው ሪንገር ብትከፍቺለት ሳንባው ውኃ ይሞላል። የሚያስፈልገው ላሲክስ፣ የጨውና የውኃ ገደብ፣ የልቡ ሕክምና ነው።